ሐሳብን መጻፍ፦ የገፀ ባሕርያት ውስጣዊ ሕይወት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ልቦለድ

ዘመናዊ የሚባለው የልቦለድ ስልት ዋና ጉዳዩ ድርጊት አይደለም። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያስበው፣ የሚፈራው፣ ለማንም የማይናገረው ነገር ነው። በአማርኛ ይህ አጻጻፍ ያደገው በአብዛኛው መሐል አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ።

መነሻው ግን ሩቅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ሰዎቹን ከውጭ ያያቸዋል። ያለቅሳሉ፣ ይደሰታሉ፣ ይዋደዳሉ። ከራሳቸው ጋር ሲጣሉ ግን ብዙም አናይም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ርቀት ሄደ። የበዛብህ ጭንቀት ከፍቅረኛው አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት የተሳሉት ስለት ራሱ ውስጥ ተቀምጦ ይቆጣጠረዋል። ሆኖም ልቡን ከፍቶ የሚያሳየን ሁሉን አዋቂው ተራኪ ነው። እኛ ደጅ ቆመን እንሰማለን።

በአውሮፓ ይህ በር ቀደም ብሎ ተከፍቷል። የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ሐሳብ እንደ ወንዝ የሚፈስ እንጂ የተቆራረጠ አይደለም ብሎ ጻፈ። ጄምስ ጆይስ በ1922 «ዩሊሲስ» ላይ አንድ የደብሊን ቀን፣ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1925 «ሚስዝ ዳሎዌይ» ላይ አንድ የለንደን ቀን በገፀ ባሕርያት ጭንቅላት ውስጥ አሳለፉ። ሁለቱም መጻሕፍት የከተማ መጻሕፍት መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጎረቤት ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ብቻን መሆን ከባድ ነው። ሐሳብ ደግሞ ብቸኝነት ይፈልጋል።

አዲስ አበባም ይህን ብቸኝነት አመጣች። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት ከየክፍለ ሀገሩ ወጣቶች መጡ። ኪራይ ቤት ያዙ፣ መሥሪያ ቤት ገቡ፣ ማታ ፒያሳ ወጡ። ዘመድ የማያያቸው፣ የሚያነቡ፣ ደሞዝተኛ ሰዎች ሆኑ። የአዲሱ ልቦለድ ጀግና ይኸው ሰውዬ ነው፤ በአብዛኛው ወንድ። የሴቶች ውስጣዊ ሕይወት በእነዚያ ዓመታት ልቦለዶች ውስጥ የሳሳ ነው፣ ብዙ ጊዜም በወንዱ ዓይን አልፎ ነው የሚደርሰን። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ደስ አይልም።

ወሳኙ ዓመት 1962 ዓ.ም. ነው። ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ አበራ ወርቁን ይዞ መጣ። አበራ ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል። ቤተሰብ ወግ ማዕረግ እንዲያይ ይፈልጋል። እሱ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጽሐፉ ጉልበት ያለው አበራ በሚያደርገው ሳይሆን ማድረግ ባቃተው ላይ ነው። ቋንቋው ቀላል በመሆኑም አንባቢ ሳይደክም ውስጡ ይገባል።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ሌላ ነገር ነው። ገፀ ባሕርያቱ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ያወጋሉ፤ ተራኪው ደግሞ ማን እንደሚናገር ለመንገር አይቸኩልም። ታሪኩ ከአዲስ አበባ ውጭ ቢሆንም ዳኛቸው በዩኒቨርሲቲው ያስተማረ ሰው ነበር። መጽሐፉ ለብዙ አንባቢ ራስ ምታት ሆነ፣ እስከ ዛሬም ስሙ «ከባድ» ነው። በእኔ እምነት ክብደቱ የተጋነነ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል፣ በቃ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ከቅኔ ጋር ያያይዙታል። ትንሽ እውነት አለው፤ ግን ቅኔ ሐሳብ ይሸሽጋል እንጂ ሲያስብ የሚውልን ሰው አያሳይም። ይልቅ የሚረዳው ሰዋስዋችን ይመስለኛል። «ነገ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ» ስንል «እሄዳለሁ» ባዩ ራሱ ባለሐሳቡ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ተራኪው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ወደ «እሱ» እና ወደ ኃላፊ ጊዜ አዙሮ ያቀርበዋል። በአማርኛ ማዞር ግድ አይደለም። ሌላም አለ። «ብሎ አሰበ» የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢ የማን ሐሳብ እንደሆነ ሳይነገረው ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ደራሲው «ብሎ አሰበ»ን ከጣለው ደግሞ ሐሳቡ ብቻውን ይቀራል። ሌሎች በብልሃት ያገኙትን ነገር እኛ በየቀኑ ወሬ ላይ እንጠቀምበታለን።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በተቃራኒው መንገድ ሄደ። «ሌቱም አይነጋልኝ» በፒያሳ አጠገብ የነበረውን የውቤ በረሃን ሌሊት ይተርካል፦ ቡና ቤቶቹን፣ ሴቶቹን፣ ጠጪዎቹን። ስብሐት ስለ ሰዎቹ ስሜት ብዙ አያብራራም። ያወራሉ፤ እሱ ይጽፋል። ውስጣቸው የሚታወቀው ቀልደው ሲያበቁ በሚሉት ነገር ነው። በግልጽነቱ ምክንያት በሳንሱር ጊዜ መታተም አልቻለም፤ ለረጅም ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በዓሉ ግርማ «ደራሲው» ላይ የሣለው ሲራክም በስብሐት አምሳል የተቀረጸ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ስለ ሌሎች ውስጥ የጻፈ ሰው የሌላ ደራሲ ገፀ ባሕርይ ሆኖ መገኘቱ የፒያሳን ትንሽነት ያሳያል፤ ሁሉም ይተዋወቅ ነበር።

በደርግ ዘመን ልቦለድ ለአብዮቱ እንዲያገለግል ይጠበቅ ነበር። የሚጠራጠር ገፀ ባሕርይ ደግሞ ለዚህ አይመችም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ተራኪ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው፤ የሚያየውና እንዲዘግብ የሚጠበቅበት አልገጥም ይለዋል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ መስመሩን ሩቅ የወሰደው አዳም ረታ ነው። «ማህሌት» በ1981፣ «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም. ወጡ። አዳም የሚጀምረው ከዕቃ ነው፦ ከሽታ፣ ከምግብ፣ ከጨርቅ። ትዝታ ከዚያ ይነሳል፣ ወደ ሌላ ትዝታ ይገባል፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ መጽሐፉ ይሻገራል። ይህን አጻጻፉን «ሕፅናዊነት» ይለዋል፤ ምሳሌውንም የወሰደው ከእንጀራ ዓይኖች ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይንዛዛል። አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ሕይወቷን የሚያሳይበት ቦታ ግን አለ፤ ለዚያ ሲባል የተንዛዛውን መቻል ያዋጣል።

ዓለማየሁ ገላጋይ ደግሞ ትኩረቱን ወደ ሰፈር መለሰ። «አጥቢያ» ላይ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ሰፈር ያስባል ማለት ይቻላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ የጋራ ጭንቅላት አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እነዚህ መጻሕፍት የመንደር ሰነድም ሆነዋል። ደራሲዎቹ ያሰቡት ባይሆንም።

ለአዲስ አንባቢ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። «ከአድማስ ባሻገር» ይቅደም። ቀጥሎ ስብሐት፤ አጫጭር ታሪኮቹ ቢቀድሙ ይሻላል። አዳምን ከ«ማህሌት» መጀመር ነው። «አደፍርስ»ን ግን ፋሲካ አካባቢ፣ ሥራ ሲቀል፣ በቀን ጥቂት ገጽ እያሉ።