ሃርሞኒክ ከረንት፦ ኒውትራል ሽቦ ለምን ይግላል?

ሃርሞኒክ ከረንት የሚባለው ፍሪኩዌንሲው የዋናው መስመር ብዜት የሆነ ከረንት ነው። መስመሩ 50 ሄርዝ ከሆነ ሦስተኛው ሃርሞኒክ 150፣ አምስተኛው 250 ሄርዝ ይሆናል።

ምንጩ በየቤቱና በየቢሮው አለ። የድሮው አምፖል ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚስበው ከረንት የቮልቴጁን ቅርጽ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተር፣ ኤልኢዲ መብራትና ቻርጀር ግን ሌላ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሬክቲፋየር (ከረንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው ክፍል) ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ይሞላል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ከረንት የሚወስደው ቮልቴጁ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ለቅጽበት ብቻ ነው። በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የሞገድ ቅርጽ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ካያችሁት ለስላሳው ሞገድ የለም። አንድ ሹል ጉብታ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ መሃሉ ባዶ።

ብዙ ሰው ችግሩ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ቻርልስ ስታይንሜትዝ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ጽፏል፤ የዴልታ ግንኙነትንም (የትራንስፎርመሩ ሦስት ጥቅልሎች በሦስት ማዕዘን የሚያያዙበትን) መፍትሔ አድርጎ አቅርቧል። ከዚያ የሜርኩሪ ሬክቲፋየሮች፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 በኋላ ደግሞ ታይሪስተር የተባለው የሴሚኮንዳክተር ማብሪያ መጡ፤ እነሱም ሃርሞኒክ ያመነጫሉ።

ዋናው ጉዳይ ኒውትራሉ፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበት የጋራ ሽቦ ነው። ባለሦስት ፌዝ መስመር ላይ (ሞገዳቸው በ120 ዲግሪ የሚለያይ ሦስት ሽቦዎች ያሉት) ጭነቱ እኩል ከተከፋፈለ የሦስቱ ፌዞች ዋና ከረንት ኒውትራሉ ላይ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ሦስተኛው ሃርሞኒክ ግን አይጣፋም፣ ይደመራል፤ ምክንያቱም በፌዞቹ መካከል ያለው 120 ዲግሪ በሦስት ሲባዛ 360 ይሆንና ሦስቱም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወድቃሉ። እያንዳንዱ ፌዝ 50 አምፒር ሦስተኛ ሃርሞኒክ ካለው ኒውትራሉ 150 አምፒር ይሸከማል! አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራል ላይ ብሬከር የለም፤ በድሮ ዝርጋታ ደግሞ ሽቦው ከፌዙ ያነሰም ይገኛል። ፓኔል ከፍተው የሚውሉ ኤሌክትሪሻኖች ይህን ከስሌት በፊት በአፍንጫቸው ያውቁታል፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የኒውትራል ማሰሪያው አጠገብ የጠቆረ ሽፋን። ትሩ አርኤምኤስ ያልሆነ (ማለትም የተዛባ ሞገድን ትክክለኛ መጠን የማይለካ) ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው መሣሪያ፣ እንዲህ ያለውን ከረንት አሳንሶ ስለሚያነብ እሱን አምኖ ፓኔሉን መዝጋት አደገኛ ነው።

አንዳንዶች አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ከረንቱን ስለሚያስተካክሉ ስጋቱ ተጋኗል ይላሉ። ለትላልቆቹ ምናልባት እውነት ነው። ትናንሾቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ኒውትራሉን ማሳነስ ስህተት ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ትራንስፎርመርም ይጎዳል፦ የኤዲ ከረንት (ትራንስፎርመሩ ብረትና ሽቦ ውስጥ የሚሽከረከር ከረንት) ብክነት በፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ነው የሚያድገው። በዴልታ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ሦስተኛውን ሃርሞኒክ ውስጡ አስቀርቶ የላዩን መስመር ያድናል፣ ሙቀቱን ግን ራሱ ይችለዋል።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አይትሪፕልኢ ያወጣው፣ አይትሪፕልኢ 519 የተባለው የሃርሞኒክ ገደብ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቶ በ1992፣ በ2014 እና በ2022 ታድሷል። በ2014ቱ እትም እስከ 1 ኪሎቮልት ባለ መስመር የቮልቴጅ መዛባት (በሃርሞኒክ ምክንያት ከለስላሳው ሞገድ የመራቅ) ጣሪያው 8 በመቶ ነው።

ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ኃይል በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ለማሻሻል የሚገጠም ካፓሲተርም ከትራንስፎርመሩ ጋር ሬዞናንስ፣ ማለትም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ እርስ በርስ መወዛወዝ፣ ገጥሞ ሃርሞኒኩን ሊያጎላው ይችላል። ለዚህ ነው 7 በመቶ ሪአክተር (የሽቦ ጥቅልል፣ መቶኛው ከካፓሲተሩ ሪአክታንስ አንጻር) በተከታታይ የሚገባው፤ የሬዞናንስ ነጥቡን 189 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም ከአምስተኛው ሃርሞኒክ በታች ያስቀምጠዋል።