አድጀስትመንት ኦፍ ስታተስ ምንድን ነው? አሜሪካ ሆኖ በጋብቻ ግሪን ካርድ ስለ ማመልከት

«ሲቲዝን አግብታለች፤ እንግዲህ የወረቀቷ ነገር አለቀ» ሲባል በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ይህ አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። ጋብቻ በራሱ ግሪን ካርድ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለማመልከት መነሻ የሚሆን ዝምድና ነው። እዚሁ አሜሪካ ተቀምጦ ካርዱን መቀበል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ አመልካቹ ከዓመታት በፊት ወደዚህ አገር የገባበት መንገድ።

አድጀስትመንት ኦፍ ስታተስ ማለት አሜሪካ ምድር ላይ ያለ ሰው ወደ አገሩ ሳይመለስ ቋሚ ነዋሪነት የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። መሠረቱ የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 245 ነው። ሌላኛው መንገድ በኤምባሲ በኩል ያለው ነው፤ አዲስ አበባ ያለች ሚስት ፋይሏ በናሽናል ቪዛ ሴንተር አልፎ፣ ኤምባሲ ለኢንተርቪው ቀርባ፣ ኢሚግራንት ቪዛ ይዛ ትገባለች። እዚህ ላለ ሰው ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ትዳሩ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ እሱን የሚመለከተው ዜጋው ወይም የግሪን ካርድ ባለቤቱ የሚሞላው ፎርም አይ-130 ነው። ሁለተኛው ይህ ሰው እዚሁ ሆኖ ነዋሪነት ማግኘት ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ነው፤ እሱን የሚመለከተው አመልካቹ ራሱ የሚያስገባው አይ-485 ነው። የመጀመሪያውን አልፈው በሁለተኛው የሚወድቁ ባልና ሚስት ጥቂት አይደሉም።

ሕጉ የሚጠይቀው አመልካቹ በኢሚግሬሽን መኮንን ፊት ቀርቦ፣ ታይቶና ተፈቅዶለት የገባ፣ ወይም ፓሮል፣ ማለትም ያለ ቪዛ እንዲገባ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ፣ ተሰጥቶት የገባ እንዲሆን ነው። በጉብኝት ቪዛ ደላስ ኤርፖርት ያረፈች እናት፣ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ፣ ይህን ያሟላሉ። ማስረጃው የገቡበት ቪዛና አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው፤ የፓስፖርቱ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ ቪዛው ያለበትን ገጽና መዝገቡን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ሕጉ ለዜጋ የትዳር ጓደኛ ትልቅ ርኅራኄ ያደርጋል። በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው ቪዛው ካለፈበት ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ያለ ፈቃድ ሠርቶ ቢሆንም፣ ያገባው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ እነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻቸውን አያግዱትም። የቪዛ ኮታ ወረፋም የለበትም፤ አይ-130 እና አይ-485 አብረው መግባት ይችላሉ። የማይታለፈው ሌላ ነገር ነው። ሥራ ለመቀጠር ብሎ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው፣ ዜጋ ስላገባ ብቻ ያ አይሰረዝለትም።

ያገባው የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ኤፍ2ኤ በሚባለው ምድብ ሆኖ ተራው መድረሱን ለማወቅ የስቴት ዲፓርትመንትን ወርኃዊ የቪዛ ቡለቲን ይጠብቃል፤ ቪዛውም ካለፈበት በአብዛኛው እዚህ ሆኖ ማመልከት አይችልም። በዲቪ መጥተው ያገቡ ብዙ ወገኖቻችን ያሉት በዚህ ሁኔታ ነው። ባለ ግሪን ካርዱ ዜግነት ሲያገኝ ግን የሚስቱ ወይም የባሏ ኬዝ ወደ ዜጋ ቤተሰብነት ይዛወርና እገዳው ይነሣል።

ከብራዚል ወይም ከኢኳዶር ተነሥተው፣ የዳሪየንን ጫካ አቋርጠው፣ በሜክሲኮ በኩል ወንዝ ተሻግረው ስለገቡት ልጆች በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ኬላ ላይ ሳይታይ የገባ ሰው ዜጋ ቢያገባ፣ ልጅ ቢወልድ፣ በጋብቻው ብቻ እዚህ ሆኖ አድጀስት ማድረግ አይችልም። ድንበር ላይ ተይዞ የተለቀቀ ሰው የተሰጠውን ወረቀት ብዙ ጊዜ እንደ ፓሮል ያየዋል። ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ በራሱ ቃል የተለቀቀበት ወረቀት ግን ለአንቀጽ 245 የሚፈለገው ፓሮል አይደለም፤ ልዩነቱን ወረቀቱን አይቶ የሚያውቀው ሎየር ነው። እንዲህ ያለው ሰው በኤምባሲ ልሞክር ብሎ ቢወጣስ? ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ከቆየ፣ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት መውጣቱ ራሱ የ10 ዓመት መመለሻ እገዳ ያመጣበታል። የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻ ገብቶ፣ ያለ ፈቃድ ሳይሠራ የጠበቀበት ጊዜ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። አሳይለሙ ከጸደቀለት ደግሞ በጋብቻ ሳይሆን በአሳይለሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታል። ስለዚህ «አግብቻለሁ» ብሎ የአሳይለም ኬዙን የሚያቋርጥ ሰው ያለውን ብቸኛ መንገድ በገዛ እጁ ሊዘጋ ይችላል። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ኬዝ ያለበት ሰውም ፎርሙን ወዴት እንደሚልክ፣ ዳኛው ምን ሥልጣን እንዳለው ሳያውቅ አይነካካው፤ በክስ ላይ እያለ የተፈጸመ ጋብቻ ከሌላው የጠነከረ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

ፋይሉ ውስጥ ከሁለቱ ፎርሞች ሌላ አይ-864 የሚባል አመልካቹን በገንዘብ ለመደገፍ የሚፈረም ዋስትና አለ። ዜጋው ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት ወለል 125 በመቶ እንደሚደርስ ያሳይበታል፤ ካልደረሰ ሌላ ሰው በጋራ ይፈርማል። እኛ ዘንድ ይህ ፊርማ በይሉኝታ ይሰጣል። ግዴታው ግን ባልና ሚስቱ ቢፋቱም አይቀርም፤ የሚያበቃው በዋናነት ተጠቃሚው ዜጋ ሲሆን፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ሲቆጠሩለት፣ አገሪቱን ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። ለጓደኛ የሚፈርም ሰው ይህን አውቆ ይፈርም። የሕክምና ምርመራው ቅጽ፣ አይ-693፣ ከታኅሣሥ 2024 በፈረንጆች ጀምሮ ከአይ-485 ጋር አብሮ እንዲገባ ይጠበቃል። የአይ-485 ክፍያ በሚያዝያ 2024 ሥራ ላይ በዋለው ተመን ለአዋቂ 1,440 ዶላር ሲሆን፣ አይ-130 ለብቻው ይከፈልበታል። ተመን ስለሚለዋወጥ ከመላክ በፊት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን፣ የዩኤስሲአይኤስን፣ ገጽ ማየት ግድ ነው።

ፋይሉ ከገባ በኋላ የአሻራ ቀጠሮ ይመጣል፤ ወርክ ፐርሚትም በአይ-765 ይጠየቃል። ወርክ ፐርሚት ግን የጉዞ ፈቃድ አይደለም። አድቫንስ ፓሮል፣ ማለትም ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ሳይዝ ከአገር የወጣ ሰው፣ እንደ ኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ካሉ ጥቂት ቪዛዎች በቀር፣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ፣ እናት ወይም አባት ሲሞት፣ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ማንንም ሳይጠይቅ ነው፤ ሐዘኑ ሳይወጣለት ተመልሶ መግባት ያቅተዋል። ለድንገተኛ ጉዳይ አድቫንስ ፓሮል በአስቸኳይ የሚጠየቅበት አሠራር ስላለ፣ ከትኬቱ በፊት ሎየሩ ይደወልለት።

የማስረጃው ነገር በእኛ ማኅበረሰብ የራሱ ጠባይ አለው። ተክሊል ወይም ኒካህ ብቻ ተደርጎ፣ ከፍርድ ቤት የጋብቻ ፈቃድ ሳይወጣ ከቀረ፣ በአብዛኛው ሕጋዊ ጋብቻውን የሚያሳይ ሰነድ አይኖርም። የሠርግና የመልስ ቪዲዮ መልካም ነው፤ መኮንኑ ይበልጥ የሚፈልገው ግን የዕለት ኑሮ ወረቀት ነው፦ የሁለቱም ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ ባንክ ሒሳብ፣ አብሮ የቀረበ ታክስ፣ የመኪናና የጤና ኢንሹራንስ። የቀድሞ ትዳር የነበረው ሰው የፍቺውን ሰነድ ማቅረብ አለበት። አገር ቤት በሽማግሌ ተለያይቶ የቀረ ሰው ያልተፋታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነውና። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ ተምታቶ በቪዛ ፎርሙ ላይ አንድ፣ በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ሌላ ከሆነ፣ ከኢንተርቪው በፊት ማብራሪያ ይዘጋጅለት። አማርኛ ሰነድ ሁሉ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን በፊርማ ያረጋገጠበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል።

የወረቀት ጋብቻ የሚባለውን በተመለከተ ሕጉ ጨካኝ ነው። ለወረቀት ብሎ መጋባት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ያስቀጣል። አንድ ጊዜ በዚህ የተመዘገበ ሰው በኋላ ከልቡ ቢያገባ እንኳ ቀጣዩ አይ-130 አይጸድቅለትም። ገንዘብ ተቀብለው «እናጋባችኋለን» የሚሉ ሰዎች ይህን አይናገሩም።

ካርዱ በሚጸድቅበት ቀን ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ሁኔታዊ ካርድ ነው። ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ ሁኔታው እንዲነሣ የሚጠየቅበትን አይ-751 አብረው ያስገባሉ። በመካከሉ ከተፋቱ፣ ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ እንደነበር የሚያሳይ ሰው ብቻውን ማመልከት ይችላል። «ወረቀትሽን አስቀድድብሻለሁ» እየተባለች የምትደበደብ ሚስት ደግሞ፣ ካርዱ ገና ካልመጣላት፣ በአይ-360 ለራሷ ማመልከት ትችላለች፤ ይህ ለሚበደል ባልም ሆነ ለምትበደል ሚስት የተፈቀደ ነው። የበዳዩ ፊርማ አያስፈልግም፤ ማመልከቷንም መሥሪያ ቤቱ ለበዳዩ እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል።