ብረት ይግባ ወይስ ቦዩ ይስፋ? የወገብ ቀዶ ሕክምናና የጎረቤት አንጓ ጣጣ

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል የሚነዳ ሽማግሌ ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ ግን ከሳይክሉ ሲወርድ ሌላ ሰው ይሆናል። ጥቂት እንደተራመደ እግሩ ይከብደዋል፣ ይደነዝዘዋል። ዘንባባው ጥላ ሥር ጎንበስ ብሎ ቁጭ ሲል ይለቀዋል። ተመልሶ ሳይክሉ ላይ ሲወጣ ደግሞ ምንም ያልነካው ይመስላል።

ሐኪሞች ይህን ልዩነት እንደ ምልክት ያዩታል። የእግሩ ደም ሥር የጠበበ ሰው ሳይክል ላይም ያመዋል። ወገቡ ውስጥ ያለው የነርቭ ቦይ የጠበበበት ግን ወደ መሪው ዘንበል ስለሚል ቦዩ ትንሽ ይከፈትለታል። መቋሚያ ተደግፎ መቆም የሚቀለውም ለዚሁ ነው። ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ ደህና የነበረ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ሊያማርር ይችላል። ዳገት ጎንበስ ያሰኛል፣ ቁልቁለት ወገብን ወደ ኋላ ይለጥጣል።

ወገብ አምስት አንጓ አለው። በየመሃሉ እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ፣ ከኋላ ትንንሽ መገጣጠሚያዎችና ጅማት አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ዲስኩ ይሟሽሻል፣ ጅማቱ ይወፍራል፣ ቦዩ ይጠባል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አራተኛውና አምስተኛው አንጓ መካከል ነው። አንዳንዴም የላይኛው አጥንት በታችኛው ላይ ወደፊት ይንሸራተታል። እኛ ሁሉንም «ዲስክ መንሸራተት» እንላለን እንጂ ዲስክ ያብጣል ወይም ይቀደዳል፤ የሚንሸራተተው አጥንቱ ነው።

አብዛኛው የወገብ ሕመም ቢላ አያስፈልገውም። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ የሳይክል ኮርቻ የሚነካው ቦታ የደነዘዘበት ወይም እግሩ በፍጥነት እየሰነፈ የሄደ ሰው ግን በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ወጌሻ ጋ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ማስፋት ነው። ቦዩን የዘጋው አጥንትና የወፈረው ጅማት ተነሥቶ ነርቩ ይለቀቃል፣ በቃ። ሁለተኛው በዚያ ላይ ሁለቱን አንጓዎች በብሎንና በዘንግ አስሮ ማጋጠም ነው። ሰው «ብረት ገባለት» ይላል፤ ብረቱ ግን ጊዜያዊ ድጋፍ ነው። ዘላቂውን ሥራ የሚሠራው መሃል ላይ የሚቀመጠው የአጥንት ንቅለ ተከላ ነው። ያ አጥንት እስኪገጥም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ሲጋራ ያዘገየዋል።

ጣጣው የሚመጣው ከገጠመ በኋላ ነው። የደንገል እስር መሃሉን ጥብቅ አድርገህ ብታስረውና ብታጎብጠው፣ የሚታጠፈው ከማሰሪያው አጠገብ ነው። ወገብም እንደዚያው ነው። የቆመው አንጓ ይሠራ የነበረውን እንቅስቃሴ ጎረቤቱ ይሸከማል፤ ብዙ ጊዜ የላይኛው። ብሎኑ የጎረቤቱን መገጣጠሚያ ከነካ ወይም ወገብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቅርጽ ከጠፋ ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አንጓ የተገጠመላቸውን 215 ሰዎች ተከታትሎ፣ በጎረቤት አንጓ ሕመም ምክንያት እንደገና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው በ5 ዓመት 16.5 በመቶ፣ በ10 ዓመት 36.1 በመቶ እንደሚሆኑ ገምቷል። ሁሉንም ብረቱ አመጣው ማለት ግን ስህተት ነው። ያረጀ ወገብ ሳይነካም ማርጀቱን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው ሁለቱን በዕጣ ከፋፍሎ ማወዳደር ያስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የስዊድን ጥናት 247 ሰዎችን ይዞ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በሕመምም በእንቅስቃሴም ልዩነት አልታየም። ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም ተቀራራቢ ነው፦ ብረት ከገባላቸው 22፣ ከሰፋላቸው 21 በመቶ። የኤምአርአይ ምስላቸው ሲታይ ግን አዲስ ጥበት የተገኘው ብረት ከገባላቸው 47፣ ከሰፋላቸው 29 በመቶው ላይ ነው። ምስሉ ተበላሸ ማለት ሰውየው ታመመ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ማስፋትም ዋጋ አለው። ብዙ አጥንት ከተነሣ አንጓው ይላላል፤ ጥበቱም እዚያው ሊመለስ ይችላል። በዚያው 2016 የወጣ ሌላ ጥናት አጥንታቸው የተንሸራተተ 66 ሰዎችን አይቶ፣ በ4 ዓመት ውስጥ ድጋሚ የተከፈቱት ብረት ካላቸው 14፣ ከሰፋላቸው 34 በመቶ ሆነው አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኖርዌይ ጥናት ደግሞ ለተንሸራተተም ቢሆን ማስፋት ብቻውን ከማጋጠም እንደማያንስ አሳይቷል። የኔ አስተያየት፦ አንጓው ካልላላ በማስፋት መጀመር ይሻላል። ስብራት፣ መጉበጥ ወይም አንጓውን የበላ የአጥንት ቲቢ ሲሆን ግን ብረቱ ቅንጦት አይደለም።

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው ግን የዓመት ክትትልም የጀልባ ጉዞ ነው። «ስግደትስ?» የሚል ጥያቄም አይቀርም። አጥንቱ እስኪገጥም ማረፍ ነው፤ በሽተኛ አይገደድምና የቀረው ከንስሐ አባት ጋር የሚያልቅ ነገር ነው። ከገጠመ በኋላ ደግሞ መታጠፉን በአብዛኛው ዳሌ ይሠራዋል።

ብረት ይግባ ከተባለ፣ ቆመው፣ ጎንበስና ቀና ብለው የተነሡት ራጅ እንዳለ ይጠይቁ። ኤምአርአይ የሚነሣው ተኝቶ ነው። ሲተኙ ወደ ቦታው የሚመለስ አጥንት እዚያ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።