የቆየ ሰርቨር ላይ ካርድ መጨመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርዱ ስሎቱ ውስጥ ከገባ ይሠራል።»
ለፒሲአይ ካርድ (ማሽኑ ሲነሳ በራሱ ለሚዋቀረው ዓይነት) ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከፒሲአይ በፊት የነበረው አይኤስኤ ካርድ ግን አይአርኪውውን (ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን የመስመር ቁጥር)፣ የአይኦ አድራሻውን (ፕሮሰሰሩ የሚያናግርበትን) እና የዲኤምኤ ቻናሉን (ያለ ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ ጋር የሚለዋወጥበትን) በጃምፐር (ካርዱ ላይ በሚሰካ ትንሽ ማገናኛ) ወይም በራሱ የፍሎፒ ፕሮግራም ካልነገሩት አያውቅም። በኢአይኤስኤ (የሰፋ የአይኤስኤ ዓይነት) ሰርቨር ላይ ካርድ በተጨመረ ወይም በተነሳ ቁጥር የማዋቀሪያው ፕሮግራም እንደገና መሮጥ አለበት፤ ፕሮግራሙም የካርዱን የሲኤፍጂ ፋይል (ቅንብሩን የሚገልጸውን) ይጠይቃል። ያ ሁሉ የሚቀመጠው በባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ ባትሪው ሲሞት ቅንብሩም አብሮ ይጠፋል። የማዋቀሪያውን ፍሎፒ አይጣሉት።

«16 አይአርኪው ስላለ ቦታ ሞልቷል።»
0 ለሰዓት ቆጣሪው፣ 1 ለኪቦርዱ፣ 2 ለሁለተኛው የአይአርኪው ተቆጣጣሪ ማገናኛ፣ 8 ለቀን መቁጠሪያው ሰዓት፣ 13 ለሒሳብ ፕሮሰሰሩ ተይዘዋል። 3 እና 4 የሲሪያል ፖርቶች፣ 6 የፍሎፒው፣ 7 የፕሪንተር ፖርቱ፣ 12 የማውሱ፣ 14 እና 15 የአይዲኢ (የተለመደው የዲስክና የሲዲ ማገናኛ) ናቸው። በነፃ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ 5፣ 9፣ 10 እና 11 ብቻ ናቸው። ሰርቨሩ በስከዚ (በሰርቨር የተለመደ ሌላ የዲስክ ማገናኛ) ዲስክ ብቻ የሚሠራ ከሆነና ሲዲውም አይዲኢ ካልሆነ፣ አይዲኢውን ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ቢዘጉት 14 እና 15 ይለቀቃሉ። ማንም የማይነካው የፕሪንተር ፖርት ሲዘጋ ደግሞ 7 ይገኛል።

«ሁለት ካርዶች አንድ አይአርኪው ከያዙ ግጭት ነው።»
በአይኤስኤ፣ አዎ። ፒሲአይ ግን መስመሩን እንዲጋሩ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ጥሪው የራሱ ካርድ መሆኑን ያጣራል። ይህን በደንብ የማያደርግ ድራይቨር ሲያጋጥም ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ መስመሮቹ ለየስሎቱ የተዘረጉት በማዘርቦርዱ ላይ ነውና። ፒሲአይ ከአይኤስኤ ጋር ግን አይጋራም። ስለዚህ የአይኤስኤው ካርድ የሚጠቀምበትን ቁጥር ባዮስ ውስጥ ለአይኤስኤ ያስይዙ። ማዘርቦርዱ አሮጌውን ድልድል አልተው ካለ፣ የማዋቀሪያ መረጃውን የሚያጠፋውን ምርጫ አንድ ጊዜ አብርተው ያስነሱት።

«ፈጣን ስሎት ውስጥ ያለ ካርድ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል።»
ፒሲአይ-ኤክስ (ለሰርቨር የተሠራ ፈጣን ፒሲአይ) ላይ አንድ ባስ (የጋራ የመረጃ መስመር) የሚጋሩ ስሎቶች የሚሄዱት በዘገምተኛው ካርድ ፍጥነት ነው። ባለ133 ሜጋኸርትዝ የስከዚ ካርድ አጠገብ ባለ33 ኔትወርክ ካርድ ከተሰካ ሁለቱም በ33 ይሄዳሉ። የትኛው ስሎት ከየትኛው ጋር ባስ እንደሚጋራ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ይሳላል፤ ዘገምተኞቹን ለይቶ አንድ ባስ ላይ ማከማቸት ነው። ባለ5 ቮልት ብቻ የሆነ ካርድ ባለ3.3 ቮልት ስሎት ውስጥ አልገባም ሲል እንዲገባ ጠርዙን መሞረድ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ማቃጠል ነው።

«የስከዚ ካርዶቹ ባዮስ ሁሉ መብራት አለበት።»
የለበትም። ለካርድ ባዮሶች (ካርዶቹ ራሳቸው ይዘዋቸው ለሚመጡት የመነሻ ፕሮግራሞች) በተለምዶ የሚተወው የሜሞሪ ቦታ 128 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን 32ቱን ቪዲዮው ይወስደዋል። ሲነሳ የቦታ ማነስ ስህተት ከታየ፣ ሰርቨሩ ከሚነሳበት ካርድ በቀር የሌሎቹን ባዮስ ያጥፉ። ድራይቨሩ ዲስኮቹን ያለ እሱም ያገኛቸዋል።

«4 ጊጋባይት ገብቶ 3.5 ከታየ ሜሞሪው ተበላሽቷል።»
አልተበላሸም። ከ4 ጊጋባይት በታች ያለውን የአድራሻ ክፍል ለራሳቸው የያዙት የፒሲአይ ካርዶቹ ናቸው። ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች) የተሸፈነውን ሜሞሪ ከ4 ጊጋባይት በላይ ማዛወር ከቻለና ስርዓቱ ባለ64 ቢት ወይም ፒኤኢ (ባለ32 ቢት ስርዓት ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲያይ የሚያስችለውን ዘዴ) የሚደግፍ ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ ማዛወሪያውን ማብራት ይበቃል።