ጀስት ኢን ታይም ምንድን ነው? ባዶ መጋዘን እንዳይመስላችሁ

«ጀስት ኢን ታይም ሞቷል፤ ከእንግዲህ የሚያሸንፈው መጋዘኑን የሞላ ነው» የሚለው ትንታኔ መልኩን እየቀያየረ ይመላለሳል። ሰሞኑን የወጣው ደግሞ ጀስት ኢን ታይምን «ምንም ክምችት አለመያዝ» ይለውና ያንኑ የራሱን ፍቺ ቀብሮ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት አሠራር ያለው ፋብሪካ ካለ ገና ከምሳ ሰዓት በፊት ይቆማል።

ቶዮታ ያዳበረው የጀስት ኢን ታይም («ልክ በሰዓቱ») አሠራር ቁም ነገሩ ቀላል ነው፦ የሚመረተውም የሚጫነውም ተጠቃሚው ክፍል ሲጠይቅ ብቻ ነው። ክምችቱ ተሰልቶ ይቀመጣል። የመገጣጠሚያ መስመሩ በሰዓት 60 ፍሬ ይጠቀማል፣ የካንባን ካርዱ (የአንድ ሳጥን እቃ ማዘዣ ሆኖ ወደ አምራቹ የሚመለሰው ካርድ) ተልኮ እቃው እስኪመጣ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ይታከላል፣ አንድ ሳጥን 12 ፍሬ ይይዛል እንበል። 60 × 2 × 1.1 ÷ 12 = 11 ካርድ። 11 ሳጥን፣ ማለትም 132 ፍሬ፣ ጣሪያው ነው፤ ነፃ ካርድ ከሌለ አይመረትም። (ስሌቱ የሚያዋጣው ፍጆታው ከሞላ ጎደል እኩል ከሆነ ነው። ጠዋት በሰዓት 20፣ ከሰዓት በኋላ 100 የሚወስድ መስመር ካርዶቹን ጨርሶ ቁጭ ይላል።)

ክምችትን እንደ ውሃ በርሜል እዩት። በርሜል የሚገዛው ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅበት ቤት ነው። በርሜሉን አውጥቶ መጣል ቧንቧውን አይጠግነውም፤ ብዙ ድርጅት ግን ያደረገው ይህንን ነው። ሒሳብ ክፍሉ ክምችት ቀንሱ አለ፣ በርሜሉ ወጣ፣ ቧንቧው እንደ ድሮው ቀረ፣ ከዚያ ጥፋቱ በጀስት ኢን ታይም ተሳበበ። የባሰባቸው በርሜሉን ጎረቤት ግቢ አስቀምጠው «እኛ ጋ የለም» ይላሉ፦ አቅራቢው ከፋብሪካው አጠገብ መጋዘን ተከራይቶ የሁለት ሳምንት እቃ በራሱ ገንዘብ ይዞ ይጠብቃል፤ ወጪውንም ቀስ ብሎ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። መጋዘኑን ሙሉ የሚለው ተንታኝም የቆመ ውሃ እንደሚበላሽ ይረሳል። ምርቱ በየጊዜው ንድፉ የሚቀየር ከሆነ የስድስት ወር መለዋወጫ ከለውጡ ማግስት ቁርጥራጭ ብረት ነው።

የበርሜሉን መጠን የሚወስነው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው የማጓጓዣው ፍጥነት ይመስለዋል። ቁጥሩ ሌላ ይላል። የቀን ፍላጎት በአማካይ 100 ፍሬ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ከአማካዩ የመዋዠቁ ልክ) 20፤ እቃው በአማካይ በ16 ቀን ይደርሳል፣ የዚህ ዴቪዬሽን 4 ቀን። የመድረሻ ቀኑን በ20 ካሬ፣ የቀን ፍላጎቱን ካሬ በ4 ካሬ አባዝታችሁ ደምሩ፤ የድምሩን ስኩዌር ሩት ለ95 በመቶ አስተማማኝነት በ1.65 አባዙ። መጠባበቂያው 673 ፍሬ ይሆናል። አሁን ጉዞውን በግማሽ አሳጥሩት፣ 8 ቀን፤ መዋዠቁ ግን 4 ቀን እንዳለ ይቆይ። 667! ስድስት ፍሬ ብቻ ተረፈ። 16 ቀኑን ሳትነኩ መዋዠቁን ወደ 2 ቀን ብታወርዱት 355 ይበቃል።

ፍጥነት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለው እቃ ከ1,600 ወደ 800 ስለሚወርድ የታሰረ ገንዘብ ይፈታል። ደግሞም ቀመሩ መዘግየትና መቅደም እኩል ይሆናሉ ብሎ ያስባል። መርከብ አሥር ቀን ይዘገያል እንጂ አሥር ቀን ቀድሞ አይመጣም፤ ስለዚህ ለባሕር ጭነት 673 ሊያንስ ይችላል።

ተንታኙ እ.ኤ.አ. በ2021 መኪና ፋብሪካዎችን ያስቆመውን የቺፕ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) እጥረት ማስረጃ ያደርገዋል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2011 የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ ቺፕ እንዲይዙ አድርጎ ነበር። ቺፕ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ ስሌቱ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ የጀስት ኢን ታይም ባለቤት ከአሠራሩ አልወጣም። በ2021 መጀመሪያ ሌሎች መስመር ሲያቆሙ የተሻለ የቆመውም በዚሁ ነው፤ ሆኖም ለዚያው ዓመት መስከረም የያዘውን የዓለም ምርት ዕቅድ ወደ 40 በመቶ ገደማ መቀነሱ አልቀረም። በርሜል ረጅም ድርቅን አይችልም።

አሁን ፋብሪካዎች ብዙ ዓይነት በትንሽ በትንሹ ወደማምረት ሲሄዱ የጫና ለውጡ የሚያርፈው አጓጓዡ ላይ ነው። ስድስት አቅራቢዎች በሳምንት አንድ አንድ ሙሉ መኪና ከሚልኩ፣ አንድ መኪና በስድስቱ የሥራ ቀናት በየቀኑ ስድስቱንም ዞሮ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይለቅማል። መኪናው እንደ ሞላ ነው፣ ክምችቱ ግን ከሳምንት ወደ ቀን ወረደ። የሚበላሸውም በዚያው ነው፦ የመጀመሪያው አቅራቢ 30 ደቂቃ ቢያስጠብቅ የቀሩት አምስት ቀጠሮዎች ይገፋሉ፣ ማራገፊያው ላይ ተራ ያመልጣል። ስለዚህ ውሉ ላይ የመጫኛ ሰዓት ከነመቆያው ደቂቃ ይጻፋል፤ ካለፈ መኪናው ባዶውን ይሄዳል፣ የቀረውን እቃ አቅራቢው በራሱ ወጪ ያደርሳል። እቃው በመገጣጠሚያው ቅደም ተከተል የሚፈለግ ከሆነና መኪናው በኋላ በር ብቻ የሚራገፍ ከሆነ መጨረሻ የሚፈለገው ቀድሞ ይጫናል።

ብዙ አጓጓዥ የሚዘነጋው የባዶ ሳጥኖቹን መመለስ ነው። 132 ፍሬ በሚይዙት በእነዚያ 11 ሳጥኖች ላይ ባዶ የሚመለሱትና ለመሞላት ተራ የሚጠብቁት ተደምረው ካልተገዙ አቅራቢው በካርቶን ማሸግ ይጀምራል፤ ካርቶኑ መስመሩ ላይ ካለው መደርደሪያ አይገጥምም፣ ፍሬውም ካርዱ ላይ ከተጻፈው 12 ጋር አይመጣጠንም፣ ከዚያ በኋላ ስንት እቃ እንዳለ የሚያውቅ የለም።