ላሊበላና «ዩኔስኮ ወሰነ» የሚባለው ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሎ ውስጥ የላሊበላ ወሬ ከተነሣ ዩኔስኮ ሳይጠራ አቦሉ አይወርድም። ጥገናው የዘገየው በዩኔስኮ ነው፣ ጣሪያው የመጣው በዩኔስኮ ነው፣ ገንዘቡም ዩኔስኮ ጋ ነው። ደሴም ብትቀመጡ ወልድያ ወሬው ያው ነው። ሲወራ ሲሰማ ፓሪስ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ማኅተም ይዞ የተቀመጠ ይመስላል። እንደዚያ ያለ ሰው የለም። ያለው ኮሚቴ ነው፤ ማን ምን እንደሚችልና እንደማይችል የሚለይ ደንብም አለው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሣ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የሚወስነው ዩኔስኮ ነው»

የሚወስነው በ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት የተቋቋመው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ነው። 21 አባል አገሮች አሉት። እነሱን የሚመርጠው ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮች ሁሉ የሚገኙበት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1977 ሲሆን፣ በዓመቱ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ሆነው ተመዘገቡ። ፓሪስ ያለው የዓለም ቅርስ ማዕከል ደግሞ የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ነው። ሰነድ ያዘጋጃል፣ የተወሰነውን ይከታተላል። ድምፅ ግን የለውም።

«ኮሚቴው የሳይንቲስቶች ስብስብ ነው»

ወንበሩ የአገር እንጂ የባለሙያ አይደለም። ስምምነቱ አገሮች የቅርስ ባለሙያ እንዲወክሉ ይላል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን አምባሳደርም ሞልቷል። ሳይንሱ የሚመጣው ከሦስት አማካሪ ድርጅቶች ነው። ለባህል ቅርስ ኢኮሞስ፣ ለተፈጥሮ አይዩሲኤን፣ ለጥገናና ለሥልጠና ኢክሮም።

እኛን በዋናነት የሚመለከተን ኢኮሞስ ነው። በ1965 ዋርሶ ላይ ተመሠረተ። በሥሩ ዓለም አቀፍ ሳይንሳዊ ኮሚቴዎች አሉ፤ ለድንጋይ፣ ለእንጨት፣ ለጭቃ ሕንፃ፣ ለአደጋ ዝግጁነት፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት፣ ምክትሎችና ዋና ጸሐፊ ይመርጣል። የሚተዳደሩበት መመሪያ በ2005 ቻይና ሺያን ላይ የጸደቀ ነው፤ የሥልጣን ዘመኑም ሦስት ዓመት ነው። አባላቱ በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። «ደሞዛቸውን እየበሉ ዝም አሉ» የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ ቦታውን ስቷል። ደግሞም አንድ ባለሙያ በገዛ አገሩ ቅርስ ግምገማ ላይ አይቀመጥም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አማካሪዎቹ ይመክራሉ እንጂ አይወስኑም። ኮሚቴው ምክራቸውን መገልበጥ ይችላል፣ በተደጋጋሚም ገልብጧል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የአሠራሩ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ስለ ድንጋይ መሰንጠቅ ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ሰው የጻፈውን፣ ከጉባኤው በፊት በኮሪደር የተነጋገሩ ልዑካን በአንድ ማሻሻያ ሊያዞሩት ይችላሉ።

«ሊቀመንበሩ ካለ አለቀ»

ይሄኛው ለወሎዬ ሊከብደው አይገባም። የቅሬ (የወሎ ዕድር) ዳኛ ሥርዓት ያስከብራል፣ ጉዳዩን ለጉባኤ ያቀርባል፤ ለብቻው ተነሥቶ ግን ሰው ከቅሬ አያስወጣም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እንደዚያው ነው። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የመናገር ዕድል ይሰጣል፣ የተወሰነውን ያሳውቃል። እሱ ራሱ ድምፅ አይሰጥም፤ የአገሩን ድምፅ ከልዑኩ ሌላ ሰው እንዲሰጥ ያደርጋል። የአገሩ ቅርስ ሲነሣ ደግሞ ለዚያ ጉዳይ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ይለቃል።

አንድ ውሳኔ እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ረቂቁ ስክሪን ላይ ይወጣል። ማሻሻያ ያለው አገር ሐሳቡን ያቀርባል፤ የተጨመረውና የተሰረዘው ቃል እዚያው ሰው ሁሉ እያየው ይገባል። ሊቀመንበሩ «ተቃውሞ አለ?» ይላል። ዝም ከተባለ መዶሻው ጠረጴዛውን ይመታል፤ አለቀ። ለዓመታት የተወራበት ጉዳይ አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲህ ያልፋል።

ሊቀመንበሩ ቢለቅስ? ምክትሎቹ አምስት ናቸው፤ ተራው የሚያዘው በአገሮቹ ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ነው። ይሄ ደረቅ የመሰለ ደንብ በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። የዚያን ዓመት ጉባኤ ሩሲያ ካዛን ላይ ልታስተናግድ ነበር። የዩክሬን ጦርነት መጣና ጉባኤው ተራዘመ፣ ሩሲያዊው ሊቀመንበርም ለቀቁ። በፊደል ተራ ቀጣይዋ ሳዑዲ ዓረቢያ ሆነች። ጉባኤው በ2023 ሪያድ ላይ ተካሄደ፤ የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር የተመዘገቡት እዚያ ነው።

«ራፖርተር ማለት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው»

ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ጽሕፈት ቤቱ ነው። ራፖርተሩ የተጻፈው በትክክል የተወሰነው መሆኑን ያረጋግጣል፣ ማሻሻያዎቹንም እግር በእግር ይከታተላል። በአንድ ቃል ለውጥ «ይጠይቃል» የነበረው «ያበረታታል» ሲሆን ግዴታው ምክር ይሆናልና ይሄ ሰው ቢያንቀላፋ ጉድ ነው። ሊቀመንበሩ፣ አምስቱ ምክትሎችና ራፖርተሩ ሰባት ሆነው ቢሮ ይባላሉ።

«ሁሉም አገር ካልተስማማ አይወሰንም»

ብዙውን ጊዜ በስምምነት ነው የሚያልቀው። ድምፅ ከተሰጠ ግን ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። ምልዓተ ጉባኤ 11 ነው። ስለዚህ 11 ብቻ ተገኝተው ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ በስምንት ድምፅ ያልፋል።

«ኢትዮጵያ አባል ከሆነች ላሊበላ ጠበቃ አገኘ»

ኢትዮጵያ በ2019 ተመርጣ እስከ 2023 አባል ነበረች። ነገር ግን አባል አገር ስለ ራሱ ቅርስ ተነሥቶ መሟገት አይፈቀድለትም። ሊቀመንበሩ ሲጋብዘው ብቻ፣ ለተጠየቀው፣ በተሰጠው ደቂቃ ይመልሳል። ኮሪደሩ ላይ የሚወራውን ግን የሚቆጣጠር ደንብ የለም።

«ጣሪያውን የተከለው ኮሚቴው ነው»

ቤተ መድኃኔ ዓለም ግቢ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ከሰማዩ በፊት ወፋፍራም የብረት ምሰሶና ጣሪያ ያያል። በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ያረፈው ይህ መጠለያ በ2008 ሲተከል ገንዘቡ የአውሮፓ ኅብረት ነበር። የታሰበው ዝናቡን ለመከላከል፣ ለጊዜው ነው። ነፋስ ሲነሣ «ሊወድቅብን ነው» ያለው የላሊበላ ሕዝብ በ2018 ሰልፍ ወጣ፤ እውነቱን ነው። ግን ስምምነቱ ቅርሱን የመጠበቅ ቀዳሚውን ግዴታ የጣለው በባለቤቱ አገር መንግሥት ላይ ነው፤ ሉዓላዊነቱንም ሆነ በአገሩ ሕግ ያለውን የባለቤትነት መብት አይነካም። ኮሚቴው ጣሪያ አይተክልም፣ ብረት አይነቅልም። ሪፖርት ይጠይቃል፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ሲብስም «በአደጋ ላይ ያሉ» ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ሰሜን ተራሮች ከ1996 እስከ 2017 እዚያ ቆይተዋል። ሙሉ በሙሉ መሰረዝም አለ፤ ሊቨርፑል በ2021 ደርሶባታል።

ስለ ገንዘቡም ተስፋ አታብዙ። አንድ አገር ለዓለም ቅርስ ፈንድ የሚያስገባው መደበኛ መዋጮ ለዩኔስኮ ከሚከፍለው ከ1 በመቶ አይበልጥም። እሱ ደግሞ ለዓለም ሁሉ ነው የሚከፋፈለው።

«የአገሬው ሰው ድምፅ እዚያ አይደርስም»

ይደርሳል፤ መንገዱ ግን ረዘም ይላል። ኮሚቴው ሪፖርት የጠየቀበት ቅርስ ካለ መንግሥት ብዙውን ጊዜ እስከ ዲሴምበር 1 ይልካል። ከዚያ ውጭ ካህንም ይሁን አስጎብኚ፣ ስጋቱን ጽፎ ለማዕከሉ መላክ ይችላል። ማዕከሉ ደብዳቤውን እንዳለ ወደ ኮሚቴው አይወረውረውም፤ መጀመሪያ መንግሥትን ይጠይቃል፣ ነገሩን ያጣራል። ስለዚህ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ግድግዳ፣ መቼ የታየ ስንጥቅ እንደሆነ ፎቶ አያይዞ መጻፍ ነው። «ላሊበላ እየጠፋ ነው» ብቻ ብሎ የሚላክ ደብዳቤ የሚጣራ ነገር የለውም።