ስለ ግጥም ምጣኔ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በለገጣፎና በየካ አባዶ የወጣቶች የግጥም ምሽቶች ላይ ሐሳባቸው ያማረ፣ ምታቸው ግን መንገድ ላይ የሚሰበር ግጥሞች ደጋግሜ እሰማለሁ። ልጆቹ ተሰጥኦ አላቸው። የሚያደናቅፋቸው ስለ ምጣኔ የሰሙት ነገር ነው።

«ቤት ከመታ ግጥም ነው»

ቤት መምታት የሚያስማማው የስንኙን ጫፍ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚሸከመው ምጣኔው ነው፤ ማለትም በየሐረጉ ያለው የቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ብዛትና በሐረጎቹ መካከል የምትወሰደው ዕረፍት።

«ምጣኔ ፊደል መቁጠር ነው»

ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። የሚቆጠረው ጆሮ የሚሰማው ቀለም እንጂ ዓይን የሚያየው ፊደል አይደለም። ለማሳያ ያህል ይህችን ገጠምኩ፦

ለገጣፎ / ዝናብ ጣለ
እረኛውም / ዘግቶ ዋለ

«ለገጣፎ» አራት ፊደል፣ አራት ቀለም ነው። «እረኛውም» አምስት ፊደል ሆኖ ቀለሙ ያው አራት ነው፤ የመጨረሻዋ «ም» ከ«ው» ጋር አብራ ትነገራለች። «ዘግቶ» ደግሞ ዘግ-ቶ ነው። ታዲያ ሳድስ ሁሉ አይቆጠርም ማለት ነው? አይደለም። በ«ዝናብ» ውስጥ «ዝ» ራሷን ችላ ትቆጠራለች፣ «ብ» ግን አትቆጠርም፦ ዝ-ናብ። ጥብቀትም ስሌቱን ይለውጣል፦ «ይነግሳል» ሦስት ቀለም ነው (ይ-ነግ-ሳል)፣ «ይደግሳል» ግን «ግ» ስለምትጠብቅ አራት (ይ-ደግ-ግ-ሳል)። ሁለቱም ሲጻፉ አምስት ፊደል ናቸው። ስለዚህ ጮክ ብሎ ማንበብ ግድ ነው።

«እንደ እንግሊዝኛው ቀለል-ጠንከር እያለ መሄድ አለበት»

በእንግሊዝኛ የትኛው ቀለም ጠንክሮ እንደሚነገር የሚወስነው ቃሉ ራሱ ነው። ሼክስፒር አዘውትሮ የጻፈበት ስንኝም ቀለል-ጠንከር የሚሉ አምስት ጥንዶች፣ በድምሩ 10 ቀለም አለው። የጥንት ግሪኮች ግን የሚለኩት በረጅምና በአጭር ቀለም ነበር። የአማርኛ ቃል ላይ የሚያርፈው ጫና ቀላል ነው፤ ፍቺ የሚለየው ጥብቀት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ለቡሄ በየደጃችን የሚጨፍሩትን ልጆች አስተውሉ፦ ዱላው እኩል እኩል መሬት ይመታል፣ ግጥሙም በዚያ ምት ላይ ይሰፈራል።

«ያለን የወል ቤት ብቻ ነው»

የወል ቤት 6-6 ነው፤ ማለትም ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። ሰንጎ መገን 5-5፣ ቡሄ በሉ ከላይ እንደገጠምኩት 4-4 ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ 8-8 ገጥሞበታል፤ ምጣኔው ዛሬም የጸጋዬ ቤት ይባላል።